ሃምሳ ልጅ፣ አንድ ኳስ

በአገራችን የትምህርት መለኪያ መሠረት አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ ይይዛል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ይዞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አንድ ኳስ ነው። እስቲ እናስላው። ልጆቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ኳሱን እየነዱ ደርሰው ቢመለሱ፣ ለእያንዳንዱም ግማሽ ደቂቃ ቢደርሰው፣ አንዱ ዙር ብቻ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ሜዳ መውጫው፣ ስም መጥሪያውና ወደ ክፍል መመለሻው ሲታከልበት ጊዜው አለቀ። እያንዳንዱ ልጅ የሮጠው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ቀሪውን በሰልፍ ቆሞ ጨረሰው። ሰልፉ ተትቶ ኳሱ ለሁሉም ቢለቀቅ ደግሞ ኳሱን የሚያገኙት ጥቂት ፈጣን ልጆች ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ልጆችና ደካሞቹ ወደ ዳር ይወጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ከዚህም ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መኖር አለበት። ከመመሪያው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 81 በመቶዎቹ ይህን መጠን እንደማያሟሉ አሳይቷል።

የጋሞ ዞን አንባቢ እዚህ ላይ “የእኛ ልጅ መች ቁጭ ይላል?” ቢል አልፈርድበትም። በዲታ ወይም በቦንኬ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ትምህርት ቤት የሚደርስ፣ ከትምህርት መልስ ውኃ የሚቀዳ ልጅ እግሩም ሳንባውም ጠንካራ ነው። ከሲቀላ ሴቻ በባጃጅ የሚመላለሰው የአርባ ምንጭ ልጅ ግን ሌላ ኑሮ ነው የሚኖረው። ደግሞም ዳገት መውጣት ሁሉን አይሰጥም። የክንድና የትከሻ ጉልበት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ በቅጽበት አቅጣጫ መቀየር በመንገድ ብቻ አይገኙም፤ በጨዋታ ይመጣሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሜዳው ላይ ቆሟል። አጠገብ ያለው ልጅ ነው። ክብደቱ የሚገፋ ክብደት ይሆናል፣ መዳፉ የሚነካ ዒላማ ይሆናል፣ ዓይኑም ዳኛ ነው። 50ው ልጅ ሁለት ሁለት ሲሆን 25 ጥንድ በአንድ ፊሽካ ይነሣል፤ ተራ የሚጠብቅ የለም።

ለማሟሟቅ ከመስታወት ጨዋታ የሚሻል አላውቅም። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይዘላል፣ ቁጢጥ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፤ ሌላው እንደ መስታወት ይከተለዋል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይቀያየራሉ። ዓይን አፋሩ ልጅ እንኳ ተራው ሲደርስ መሪ ይሆናል፤ ይህን ዕድል በሌላ ትምህርት ብዙም አያገኘውም።

ቀጥሎ ጉልበት መንካት። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ይፋጠጣሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ጉልበት እየጠበቀ የጓደኛውን ጉልበት በመዳፉ ለመንካት ይሞክራል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ጉልበቱን አጥፎ መቆየት ስላለበት የታፋ ጡንቻው ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚሸሽ ሚዛኑ ይፈተናል፤ በ20 ሰከንድ ውስጥ የልቡ ምት ይፈጥናል። 20 ሰከንድ ጨዋታ፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት፣ ከዚያ ጓደኛ መቀየር። አምስት ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ በቂ ሥራ ነው። ሕፃናት ረጅም ሩጫ ቶሎ ይሰለቻቸዋል፤ ሮጥ ብሎ ማረፍ ግን ተፈጥሯቸው ነው። ይህን ጨዋታ የምወደው ለዚህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፦ ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር እንዳይጋጩ በመካከላቸው የክንድ ርቀት ይኑር።

ለክንድ ደግሞ ሁለቱ በፑሽ አፕ አቋም ትይዩ ሆነው ቀኝ በቀኝ፣ ግራ በግራ መዳፍ ያጨበጭባሉ። ጠጠር ባለበት ሜዳ ይህ አይሞከርም፤ ሣር ይፈለግ። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፎ አብሮ መነሣት ቁመታቸውና ክብደታቸው የተቀራረበ ልጆችን ይጠይቃል፤ አንዱ ብቻ ከገፋ ሁለቱም አይነሡም። ለገመድ ጉተታ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ ገመድ ይበቃል፤ ገመዱን በእጅ ላይ መጠምጠም ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ጣት ይሰብራል።

አባሮሽን ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። እሱንም ጥንድ ማድረግ ይቻላል፦ እያንዳንዱ የሚያባርረው የራሱን ጓደኛ ብቻ ነው፤ መሮጥ ተከልክሎ በፈጣን እርምጃ ብቻ ይሆናል። 50 ልጅ በጠባብ ግቢ ቢሮጥ መጋጨት አይቀርም፤ በእርምጃ ግን ላብ ያወጣል እንጂ አይጎዳም።

ዓይንን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከጓደኛ ጋር አጭር ገመድ ይዞ መራመድና ቀስ በቀስ መሮጥ ከሁሉም የከበረ ጨዋታ ይመስለኛል። በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴ ማየት ለተሳናቸው ሴቶች በተዘጋጀው የ1,500 ሜትር ውድድር ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣችው እንዲሁ ከመሪ ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዛ ነው። መምህሩ ታሪኩን አስቀድሞ ቢነግራቸው፣ መሪ የሆነው ልጅ ምን ያህል አደራ እንደተሰጠው ይገባዋል። ክፍሉ ውስጥ ማየት የተሳነው ልጅ ካለ ደግሞ በዚህ ጨዋታ ላይ ከሁሉም የሚበልጠው ልምድ የእሱ ነው፤ አሠልጣኝ ይሁን።

“ጓደኛ ምረጡ” ማለት ግን አይገባም። ሁልጊዜ ሳይመረጥ የሚቀር ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ትምህርቱን የሚጠላው በዚያች ደቂቃ ነው። በቁመት አሰልፎ ሁለት ሁለት መቁጠር፣ ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ማቀያየር ይሻላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ሦስት ልጆች አንድ ላይ ይሁኑ። ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚያነካኩ ጨዋታዎችን ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ማድረግ ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም ይቀልላል፤ መስታወትንና አባሮሽን ግን ማንም ከማንም ጋር ይጫወታል።

አገሩ ራሱ ሰዓቱን ይወስናል። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ እኩለ ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ትምህርቱ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜያት፣ በዛፍ ጥላ፣ ውኃ ተይዞ ይሁን። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ያለችው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱና ጭቃው ረዘም ያለ ማሟሟቂያ ያስፈልገዋል። የአየሩ ግፊትም ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የጨንቻ ልጅ ተወልዶ ያደገበት ነው፤ ከቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ ግን ጥቂት ሳምንት ቀለል ያለ ጨዋታ ይሰጠው።

በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ጥንዶቹ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን የልብ ምት በአንገቱ ጎን ወይም በእጁ አንጓ ላይ ይቁጠር፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ70 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ጨዋታው እንዳበቃ አንዴ፣ ከአንድ ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ሌላ አንዴ ተቆጥሮ ሁለቱም ቁጥሮች በደብተር ይጻፉ። አካሉ የበረታ ልጅ ልቡ ቶሎ ይረጋጋል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከወር ወር ሲሰፋ ቆጣሪውም ተቆጣሪውም ያዩታል። ደረቱን የሚያመው፣ ትንፋሹ ሲር ሲር የሚል ወይም የሚያዞረው ልጅ ካለ ወዲያው ይቀመጥ፤ ወላጆቹም ተነግሯቸው በጤና ባለሙያ ይታይ።