እርጎው የማያድነው፣ ግን የሚያግዘው

የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በሕመሙ ሳይሆን በመድኃኒቱ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አፉ ይመረዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጥም ይከተላል። ያኔ ጎረቤት «እርጎ ጠጣበት» ይለዋል፤ ፋርማሲስቱም ፕሮባዮቲክ የሚባል እንክብል ሊጨምርለት ይችላል። ምክሩ እውነት አለው፤ እውነቱ ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ቦታ ላይ አይደለም።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን በማይክሮስኮፕ ያየውን ይህን ተሕዋስ ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 በቤተ ሙከራ አሳደገው። ተሕዋሱ ጨጓራን ያሳምማል ሲል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ተሕዋሱ በዚያ ሁሉ አሲድ መሀል የሚኖረው ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየቀየረ በዙሪያው ያለውን አሲድ ስለሚያረግብ ነው። በጠመዝማዛ አካሉ የጨጓራውን ንፍጥ ሰንጥቆ ከግድግዳው ሥር ይሸሸጋል። ተልባና አብሽ ቃሩን ቢያስታግሱም እዚያ ድረስ ገብተው አይነቅሉትም።

ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ይደራርባል፦ አሲድ የሚቀንስ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ፣ ከዚያም አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ወይም ቢስመዝ ከቴትራሳይክሊንና ከሜትሮኒዳዞል ጋር፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት። አንቲባዮቲኩ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። ወደ አንጀት ወርዶ ምግብ በማብላላት የሚያግዙንን ነዋሪ ባክቴሪያዎችም ያጠፋል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። ታማሚው ተማርሮ በስድስተኛው ቀን ካቆመ፣ የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የለመዱት ሊሆኑ ይችላሉ። ክላሪትሮማይሲን በብዙ አገሮች እንደ ድሮው አለመሥራቱ ይህን አደጋ የምር ያደርገዋል።

የፕሮባዮቲክ ጥቅም የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚበጅ ሕያው ተሕዋስ ነው። ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም ባክቴሪያዎች ስለሆኑ አንቲባዮቲኩ እነሱንም ሊገድል ይችላል፤ በመካከል ሁለት ሰዓት ያህል ማራራቅ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ ግን የእርሾ ዘር ነው፤ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት አይነካውም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቡላርድ ያገኘው በ1920ዎቹ በኢንዶቻይና ነው፤ ኮሌራ በገባበት ጊዜ የአካባቢው ሰዎች የሊቺና የማንጎስቲን ልጣጭ አፍልተው ሲጠጡ አይቶ።

በዘርፉ የታወቁ ሐኪሞች በ2022 ባወጡት የማስትሪክትና ፍሎረንስ ስምምነት አንዳንድ ፕሮባዮቲኮች የመድኃኒቱን ጎጂ ስሜቶች እንደሚቀንሱ ተቀብለዋል። የመዳን ዕድልን ከፍ የሚያደርጉ የሚመስሉትም ባክቴሪያውን ራሳቸው ገድለው ሳይሆን በዚሁ መንገድ ነው። ሆዱ የተረጋጋለት ሰው እንክብሉን ይጨርሳል። ያለ አንቲባዮቲክ ፕሮባዮቲክ ብቻውን ያድናል የሚላችሁን ግን አትስሙ። ለወራት መውሰድም የበለጠ ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች የራሳቸው የአንጀት ባክቴሪያ የተመለሰው ምንም ካልወሰዱት ዘግይቶ ነው።

እርጎስ? የቤታችን እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው፤ የትኛው ዘር፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ግን ከቅል ቅል ይለያያል። ካልፈላ ወተት የተረጋ ከሆነ ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ወተቱን አፍልቶ አቀዝቅዞ ማርጋት ይሻላል። ቴትራሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ደግሞ ወተትም እርጎም ከእንክብሉ ጋር አይውሰድ፤ ካልሲየሙ መድኃኒቱን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። «እንጀራም የቦካ ነው» የሚሉ አሉ። ሊጡ በእርግጥ ሕያው ነው፤ የምጣዱ እሳት ግን ተሕዋሳኑን ይገድላቸዋል። የሰውነት መከላከያው በጣም የደከመ፣ ወይም በትልቅ የደም ሥር ቱቦ የገባለት ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮባዮቲክ አይጀምር፤ እንደ ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ ያለው እርሾ ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማረጋገጥ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ፣ ኦሜፕራዞሉንም ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት አቁሞ፣ በሰገራ ወይም በትንፋሽ መመርመር ያስፈልጋል። በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከጠፋ ከብዙ ወራት በኋላም «አለ» ሊል ይችላልና።