የተዛመተ ሜላኖማ የሕክምና አማራጮች

ሜላኖማ የተሰኘው የቆዳ ካንሰር በኢትዮጵያውያን ላይ በአብዛኛው የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር ነው። መጀመሪያ ላይ ሕመም ስለሌለው ጥቁሩ ምልክት የእሾህ ጠባሳ እየተባለ ይታለፋል፤ ሕመምተኛው በጉለሌ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚሄደው ብዙ ጊዜ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

ቀድሞ የተደረሰበት ሜላኖማ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ወደ ሳንባ ወይም ጉበት ከተዛመተ ግን ቀዶ ሕክምና ብቻውን አይበቃም፤ ነባሩ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ዳካርባዚንም ዕጢውን የሚያሳንሰው በጥቂቶች ላይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያነሳሱ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ውለዋል። በውስጥ እግር ሜላኖማ ላይ ውጤታቸው ዝቅ ቢልም የአንዳንድ ሕሙማንን ዕድሜ በዓመታት አራዝመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ኒቮሉማብንና ፔምብሮሊዙማብን እ.ኤ.አ. በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷል፤ ዋጋቸው ግን ዛሬም ከአብዛኛው ሕመምተኛ አቅም በላይ ነው።