እውነት ወይስ ተረት? «ማኅበር ደርግ ያመጣው ነገር ነው»

መስከረም ሲጠባ የንፋስ መውጫ መናኸሪያ ጎሕ ሳይቀድ ይሞላል። ከታች ጋይንትና ከስማዳ የመጡ ወጣቶች ማጭዳቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚያወርዳቸውን መኪና ይጠብቃሉ። የሚሄዱት ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ቆላ ሲደርሱ ስማቸው ይቀየራል፤ እዚያ ሁሉም «ሳሉግ» ነው።

አንድ ማለዳ አብሬያቸው ቆሜ መኪና ስጠብቅ አንዱ ልጅ ባለፈው ዓመት ካቦው የሁለት ሳምንት ሒሳቡን ይዞበት እንደቀረ አጫወተኝ። «ታዲያ ተሰባስባችሁ አትጠይቁም? ማኅበር የላችሁም?» አልኩት። አጠገባችን ከዘራቸውን ተደግፈው የቆሙ አዛውንት ቀደሙት። «ተወው ልጄ፤ ማኅበር የሚሉትን ደርግ አምጥቶት ነበር፣ ከደርግ ጋር ሄደ። የእኛ አገር ነገር አይደለም።» ልጁም ራሱን ነቀነቀ።

ይህን አነጋገር ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። አዛውንቱን አልፈርድባቸውም፤ በእርሳቸው ዕድሜ «ማኅበር» ማለት መዋጮ፣ ሰልፍና ካድሬ ነበር። ነገሩ ግን እውነት አይደለም፤ ልጁንም ገንዘብ አስከፍሎታል።

ደርግ ሥልጣን ከመያዙ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ተደራጅተው አድማ መትተዋል፤ መንግሥት በኃይል በተናቸው። ቀጥሎ ወንጂ መጣ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛው ስለ ደመወዙና ስለ አያያዙ መጠየቅ ጀመረ። የሠራተኛ ማኅበርን የሚፈቅድ ሕግ ገና አልነበረም። ታዲያ በምን ስም ይሰብሰብ? በእድር ስም ተሰበሰበ። እድር የሚከለክል ማን አለ? ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም የሚያዋጣው ማኅበር፣ ቁጭ ብሎ ስለ ደመወዝ የሚመክርም ሆነ። በዚያ ዘመን በሌሎች ፋብሪካዎችም ሠራተኛው በመረዳጃ ማኅበር ጥላ ሥር ነው የተሰባሰበው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጋይንት ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ነውና። ወንፈል የማያውቅ ገበሬ አለ? ዛሬ አምስታችን የአንተን እናጭዳለን፣ ነገ አምስታችን የእኔን። ተራውን አጉድሎ የቀረ ሰው በአካባቢው ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። የወንጂ ሠራተኞች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከገጠር ይዘውት የመጡትን መተጋገዝ ወደ ፋብሪካ አስገቡት። ከሞስኮም ከአምስተርዳምም የተቀዳ አልነበረም።

ሕጉ የመጣው ከነሱ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ፣ በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና። በመሃሉ፣ በ1955 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂ ስኳር ሠራተኞች መካከል የወጣ ሰው ነበር። ከእርሱ በኋላ በየነ ሰለሞን ለዓመታት መራው፤ በኋላም የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ ጽፎ አሳትሟል።

ታዲያ ደርግ ምን አደረገ? ያንን ኮንፌዴሬሽን በ1968 ዓ.ም. አፈረሰው። በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን፣ ሰዉ መኢሠማ የሚለውን፣ አቆመ። የዚያም ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ በዚያው ዓመት በጥይት ተገደለ። አዛውንቱ የሚያስታውሱት ይህንን ሁለተኛውን ነው። ደርግ ሠራተኛው ራሱ ያቆመውን ቤት አፍርሶ በቦታው የራሱን ሠራ፤ «ደርግ አመጣው» የሚባለውም የሰው ትዝታ ከሁለተኛው ቤት ስለሚጀምር ነው።

ሌላም ተረት አለ፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሠራተኛው ተማሪውን ተከትሎ ብቻ ወጣ የሚል። ተማሪው ቀድሞ መጮኹ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቀጥ ያደረጋት የታክሲ ሹፌሮችና የመምህራን አድማ ነው። ሹፌሮቹ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ተጨምሮባቸው ነበር፤ መንግሥት በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ቀነሰ። ከዚያ ኮንፌዴሬሽኑ የካቲት 28 ቀን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው አራት ቀን ቆየ። ጥያቄዎቹ የዳቦ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ የሥራ ዋስትና፣ ጡረታ፣ ለመንግሥት ሠራተኞችም የመደራጀት መብት። መጋቢት 2 ቀን መንግሥት ከማኅበሩ ጋር ተፈራረመ።

ሦስተኛውን የሰማሁት ከተማረ ሰው አፍ ነው። «ማኅበር የነጭ አገር ጌጥ ነው፤ ጥቁር ሕዝብ መብቱን ያገኘው በሰባኪ እንጂ በማኅበር አይደለም፣ አሜሪካን እይ» አለኝ። እሺ፣ አሜሪካን እንይ።

በዲትሮይት ከተማ የፎርድ ሩዥ ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩት። አብዛኞቹ የሚሠሩት ብረት ማቅለጫ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከሁሉ የሚያቃጥለው፣ ከሁሉ የሚያቆሽሸው ሥራ የነሱ ድርሻ ነበር። ሥራውን ለማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቄሳቸው የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት ነበረባቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ሰባኪዎች ከፎርድ ጎን ቆሙ። እንደ ቄስ ቻርልስ ሂል ያሉ ጥቂቶች ግን ለመኪና ሠራተኞች ማኅበር የቤተ ክርስቲያናቸውን በር ከፈቱ። በ1941 (እ.ኤ.አ.) አድማ ሲመታ፣ ሆራስ ሸፊልድ የተባለ ወጣት ጥቁር ሠራተኛ ድምፅ ማጉያ በጫነ መኪና ፋብሪካው ደጃፍ ቆሞ ውስጥ የቀሩትን ጥቁር ሠራተኞች ውጡ እያለ ለመነ። ማኅበሩ አሸነፈ። ከብረት ማቅለጫው የመጣው ሸልተን ታፕስ በድርድሩ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ በመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት ውስጥ በዘር ማበላለጥን የሚከለክል አንቀጽ እንዲገባ አደረገ።

በዚያ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። በ1943 (እ.ኤ.አ.) ፓካርድ በተባለው ፋብሪካ ጥቂት ጥቁር ሠራተኞች ወደ ተሻለ ሥራ ስላደጉ ብቻ ሃያ አምስት ሺህ ነጭ ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጡ። የገዛ ማኅበራቸው አባላት ናቸው! ጥቁሮቹ ማኅበሩን ጥለው ከመውጣት ይልቅ ውስጥ ሆነው ታገሉ። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የራሳቸውን የመሪዎች ጉባኤ አቋቋሙ፤ በ1962 (እ.ኤ.አ.) ኔልሰን ጃክ ኤድዋርድስ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ ቦርድ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። ማኅበሩ ሲመሠረት 1935 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ጥቁር ፕሬዚዳንት፣ ሮሪ ጋምብል፣ ያገኘው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሰማንያ አራት ዓመት ፈጀ።

ማርቲን ሉተር ኪንግ ሕልሙን የተናገረበትን የዋሽንግተን ሰልፍም ሁሉም ያውቀዋል። ዋናው ጠሪው ግን አሳ ፊሊፕ ራንዶልፍ ነበር፤ የባቡር መኝታ ክፍል አስተናጋጆችን ያደራጀ የሠራተኛ መሪ። የሰልፉ ስም «ለሥራና ለነፃነት» ነበር፤ ሥራ ቀድሞ ተጽፏል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። አብርሃም መኮንን የተመረጠበት ዓመት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተበት ዓመት። ሦስቱን በአንድ ዓመት ያዋላቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ኒውዮርክ ላይ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ዘረረው፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ እንደተመታ ቡጢ ቆጠሩት። ጆ ሉዊስ ጓንት ለብሶ ታዋቂ ከመሆኑ በፊት በዚያው በፎርድ ሩዥ ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበር።

ወደ መናኸሪያው ልመለስ። ልጁ የነቀነቀው ራስ «ለሳሉግ ሕግ የለም» ማለት ነበር፤ ይህም ተረት ነው፣ ከሁሉም የሚጎዳው ደግሞ ይኸኛው ነው። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወቅት ሥራን በግልጽ ያውቀዋል። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በቃል የተስማማ ሰውም ሠራተኛ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የማኅበር አባል ሆነሃል ብሎ ማባረር ሕገ ወጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ በኅዳር የቀረ ሒሳብ ከግንቦት በፊት መጠየቅ አለበት። ያ ልጅ ሲያጫውተኝ ዓመት ሞልቶት ነበር።

እናንተ ዘንድሮ የምትወርዱ ወንድሞቼ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የባለ እርሻውን ስም፣ የተስማማችሁበትን የቀን ሒሳብና ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን በደብተር ጻፉ፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ይጻፍለት። በአንድ እርሻ ላይ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ የሚጠይቀው አሥር ሠራተኛ ነው። ከንፋስ መውጫ በአንድ አይሱዙ የምትጫኑት ከዚያ ትበልጣላችሁ።