ሕጉ ዋሽንግተን፣ ስብሰባው ሰፈር

አሜሪካ ውስጥ ስለ ኦቲዝም የሚሟገቱ ማኅበራት ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ሥራቸውም ጠባቸውም ለየቅል ነው።

አንጋፋው ኦቲዝም ሶሳይቲ በ1965 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩ። በዚያ ዘመን ጣት የሚቀሰረው እናት ላይ ነበር፤ ልጁ እንዲህ የሆነው ፍቅሯን ነፍጋው ነው ይባል ነበር። ሪምላንድ ከዓመት በፊት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሞግተዋል።

በ2005 የቴሌቪዥን ጣቢያው የኤንቢሲ አለቃ ቦብ ራይትና ባለቤታቸው ሱዛን፣ ኦቲዝም ባለበት የልጅ ልጃቸው ምክንያት ኦቲዝም ስፒክስን አቋቋሙ። ገንዘብም ዝናም ተከተለው። በዓመቱ አሪ ኔማንና ሌሎች ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች «ስለ እኛ ያለ እኛ አይሆንም» ብለው የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ቅሬታቸው ገንዘቡ ፈውስ ፍለጋ ላይ እየፈሰሰ፣ ዛሬ እርዳታ ለሚፈልገው ሰው አለመድረሱ ነበር። ኦቲዝም ስፒክስ «ፈውስ»ን ከዓላማው ያወጣው በ2016 ነው፤ ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ ግን የአገር አቀፎቹ ክርክር ነው። የሰፈሩ ማኅበር ሌላ ዓለም ነው። ልጁ ሲጮኽ የማይቆጣው ጥርስ ሐኪም የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው ፀጉር አስተካካይ እንደሚታገሥ የሚያውቀው እሱ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስብሰባ ልውሰድ። በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት በጉዳቱ ምክንያት ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ የራሱ የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ ወላጆች «አይ ኢ ፒ» የሚሉት። ጠረጴዛው ዙሪያ መምህሯ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋና የትምህርት ቤቱ ተወካይ ተቀምጠዋል። ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች አንዲት ሐበሻ እናት ግን ብቻዋን ናት። የማታውቃቸው ቃላት የታጨቁበት ወፍራም ሰነድ ፊቷ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶም ተቀምጦላታል። ደህና የሰፈር ማኅበር በዚህ መንገድ ያለፈች ሌላ እናት አጠገቧ ያስቀምጣል፤ ሕጉም ልጁን የሚያውቅ ሰው ይዛ እንድትገባ ይፈቅድላታል። ዋሽንግተን የጸደቀው አንቀጽ ልጁ ጋ የሚደርሰው በዚያች ወንበር በኩል ነው።

እንግዲህ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፦ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ከስብሰባው ቀን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የልጁን ታላቅ እህት አታስተርጉሟት።