ራሷን ያነሳች ወደብ፦ ኦልድ ሳክራሜንቶ

በካሊፎርኒያ ግዛት ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ፣ ከወንዙ ዳር፣ ወደ 11 ሄክታር የሚሰፋ አሮጌ ሰፈር አለ። የጡብ ፎቆቹና ጣውላ የተነጠፈባቸው የእግረኛ መንገዶቹ የወርቅ ጥድፊያውን ዘመን መልክ ይዘዋል። ኦልድ ሳክራሜንቶ ይሉታል፤ ከፊሉ ግዛቱ የሚያስተዳድረው ታሪካዊ ፓርክ ነው።

ሰፈሩን የወለደው ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ጄምስ ማርሻል በኮሎማ፣ የጆን ሰተርን የእንጨት መሰንጠቂያ ሲያሠራ ወርቅ አገኘ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከየአቅጣጫው በባሕር የጎረፈው ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ይወርድና በወንዝ መርከብ ሽቅብ ይጓዝ ነበር። ከመርከብ ወርዶ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት አካፋውን፣ ድንኳኑንና ስንቁን የሚሸምተው እዚህ ነበር። ወንዝ ዳር መደብር የከፈተ ነጋዴ ከብዙው ቆፋሪ የተሻለ አተረፈ።

ይሁን እንጂ ለመርከብ የተመቸው ቦታ ለጎርፍም የተመቸ ነበር። በ1850 መጀመሪያ ከተማዋ በውኃ ተዋጠች። በ1852 ደግሞ እሳት አብዛኛውን ክፍሏን በላው፤ ሰዉም ከእንጨት ይልቅ በጡብ መሥራት ያዘ። በ1862 ሌላ ከባድ ጎርፍ መጣ። አዲሱ አገረ ገዥ ሊላንድ ስታንፎርድ ቃለ መሐላ ለመፈጸም የሄዱት በጀልባ ነበር፤ የግዛቱ ምክር ቤትም ለጊዜው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ።

ነዋሪዎቹ ግን ከተማዋን ትተው አልሄዱም፤ ከፍ አደረጓት። በጎዳናው ግራና ቀኝ የጡብ ግንብ አቁመው መካከሉን በአፈር ሞሉት። መንገዱ በየቦታው እስከ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ወጣ። አቅም ያለው ባለንብረት ሕንፃውን በክሪክ አስነሳ፤ ሌላው የመጀመሪያውን ፎቅ ምድር ቤት አድርጎ በሩን ወደ ሁለተኛው አወጣ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ያኔ የተቀበሩት ክፍሎች ዛሬም ከእግረኛው መንገድ ሥር አሉ፤ በአስጎብኚ ይታያሉ።

ወደቡን ከሥራ ያስወጣው ግን ጎርፉ ሳይሆን ባቡሩ ነው። አገር አቋራጩን የባቡር ሐዲድ ከምዕራብ በኩል የዘረጋው ሴንትራል ፓሲፊክ የተጠነሰሰው ሃንቲንግተንና ሆፕኪንስ ከተባሉ ነጋዴዎች የብረታ ብረት መደብር ፎቅ ላይ ነበር፤ ግንባታውም በ1863 እዚሁ ወንዝ ዳር ተጀመረ። የኩባንያው ቁጥር አንድ ሎኮሞቲቭ በፊላደልፊያ ተሠርቶ፣ በመርከብ ደቡብ አሜሪካን ዞሮ፣ በመጨረሻም በዚሁ ወንዝ ተጭኖ ደረሰ። ሐዲዱ በ1869 ከምሥራቁ ጋር ሲገጥም ዋናው ጭነትና መንገደኛ ቀስ በቀስ ወደ ባቡር ዞረ፤ ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ለወንዙ ነው።

ንግዱ በከተማዋ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሲሸሽ ሰፈሩ ርካሽ አልቤርጎዎች የሞሉበት የድኾች መጠለያ ሆነ። በ1960ዎቹ ፍሪዌይ ሲሠራ ብዙ ነባር ሕንፃዎች ፈረሱ። ሰፈሩ በ1965 በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቦ የተረፉት ታደሱ፤ የሃንቲንግተንና የሆፕኪንስን መደብር የመሳሰሉት እንደገና ተሠሩ። ስለዚህ የሚታየው ሁሉ ነባር አይደለም፤ እየጠየቁ መጎብኘት ይበጃል።

በኦክላንድ ወይም በሳን ሆዜ ለሚኖር ሐበሻ ጉዞው ቀላል ነው፤ ካፒቶል ኮሪደር የተባለው ባቡር ከሰፈሩ አጠገብ ያወርዳል። ጎዳናዎቹን በነፃ መዘዋወር ይቻላል፤ ዋና ዋና ሙዚየሞቹ ያስከፍላሉ። ቁጥር አንዱ ሎኮሞቲቭ በሰፈሩ የባቡር ሙዚየም ይገኛል። ከ1927 ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮና በሳክራሜንቶ መካከል ያገለገለው ዴልታ ኪንግ የተባለው የእንፋሎት መርከብም ሆቴል ሆኖ ወንዙ ላይ ቆሟል። ጊዜ ቢያጥርዎ ግን ቅድሚያውን ለምድር ቤቱ ጉብኝት ይስጡ፤ ከተማዋ ምን ያህል እንደተነሳች የሚታየው ከሥር ነው።