ብረትን ከብረት የለየው ስስ ዘይት

የመርከብ ፕሮፔለር ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ግፊቱ በሚሽከረከረው ዘንግ በኩል ተመልሶ መርከቡን ወደ ፊት ይነዳል። ይህን ኃይል ከዘንጉ ተቀብሎ ለመርከቡ አካል የሚያስተላልፈው ኩሽኔታ ግን ለረጅም ዘመን መሐንዲሶችን ሲፈትን ኖሯል፤ ብረት ከብረት እየተፋተገ ይግላል፣ ይበላልም።

መፍትሔው ከአውስትራሊያዋ ሜልበርን መጣ። መሐንዲሱ አንቶኒ ጆርጅ ማልደን ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1905 ባስመዘገበው ፈጠራ፣ ዘንጉን የሚደግፈውን ወለል በየራሳቸው በሚያዘነብሉ ትንንሽ ሰሌዳዎች ከፋፈለው። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት ይስበዋል፤ በዚያ የሚፈጠረው ግፊት ሸክሙን ሲሸከም ብረቶቹ አይነካኩም። አሜሪካዊው አልበርት ኪንግስበሪም ለብቻው ከዚሁ ሐሳብ ደርሷል።

ሚቼል ይህንኑ መርህ ክራንክ ሻፍት ለሌለው ሞተርም አውሎት ነበር፤ ሞተሩ ሰፊ ገበያ አላገኘም። ኩሽኔታው ግን ዛሬም በመርከቦችና በውኃ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ውስጥ በጸጥታ ያገለግላል።