የወጪ መጋራት ሂሳብ፦ ድሃው ተማሪ ምን አተረፈ?

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከቀላል ባቡሩ ወርዶ ወደ ኮሜርስ የሚያቀና ሰው ሁለት ገበያ ያያል። በአንድ ወገን ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና የሚከራዩ ክፍሎች በተማሪ ብር ይንቀሳቀሳሉ። በሌላ ወገን ወደ ሰንጋ ተራ የተደረደሩት የባንክ ፎቆች ከእነዚሁ ተማሪዎች መካከል የነገ ሠራተኞቻቸውን ይጠብቃሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ የመንግሥት በጀት ነው።

ከ1943 ዓ.ም. አንስቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ባብዛኛው በመንግሥት ትከሻ ላይ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ይህን ለወጠው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ተወሰነ። ብሩን ግን ያኔውኑ አይቆጥርም። ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ይከፍላል። ቆርጦ ገቢ የማድረግ ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። መያዣ ለሌለው የ18 ዓመት ልጅ የሚያበድር ባንክ የለም። የገበሬው ልጅ በሬ ሳይሸጥ፣ የጉሊት ነጋዴዋ ልጅ ዕቁብ ሳይጠብቅ ክፍል የሚገባው በዚህ ውል ነው። አሠሪውም ማስተማሪያ ሳያወጣ የሂሳብ ባለሙያ ያገኛል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ድጋፉ የወላጅን ገቢ ባለመጠየቁ ነው። የአስመጪው ልጅና የቀን ሠራተኛው ልጅ የሚፈርሙት ውል አንድ ነው። ልዩነቱ በአከፋፈሉ ላይ ይታያል፤ ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለ፣ ቀድሞ የሚከፍለው ደግሞ ያለው ነው። በሩም ጠቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ፈተና በጥሩ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ዕድሉ ይሰፋል። ድጎማው የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ወላጁ ከፍሎ ላስተማረው የመሆን ዕድሉም የዚያኑ ያህል ነው።

አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. በሕግ ያቋቋመችው የፔል ድጋፍ የሚሰጠው የቤተሰብን ገቢ መዝኖ ነው፤ በ2024/25 እ.ኤ.አ. ጣሪያው 7,395 ዶላር ሲሆን በመደበኛው አሠራር አይመለስም። እዚህ ግን ገቢው በደረሰኝ የማይታወቅን ነጋዴ ወይም ገበሬ ማን ይመዝናል? በደብዳቤ ብቻ ይሁን ቢባል ድሃ ያልሆነውም ድሃ ሆኖ ይመጣል።

ሌላው ጣጣ የብር አቅም ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። 22 ብር ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ማዕድ ሰባት ብር ከሳንቲም ስለነበር፣ ጭማሪው ግድ ነበር። ነገር ግን በ1995ቱ ደንብ ስሌት የምግብ ወጪ የተማሪው ዕዳ ነው። በዓመት 10 ወር የሚመገብ ተማሪ 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይደርስበታል። ለምሳሌ በ10,000 ብር ደመወዝ ቢቀጠርና በወር 1,000 ብር ቢቆረጥበት፣ የምግቡን ብቻ ለመክፈል 10 ዓመት ይፈጅበታል።

አሰባሰቡም ቀዳዳ አለው። ደመወዝተኛው ከፔሮል አያመልጥም፤ በግሉ የሚነግደውንና ባሕር የተሻገረውን ማግኘት ግን ከባድ ነው። አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ዘዴ ስትጀምር፣ ገቢው ከተወሰነ ወለል ያላለፈ ምሩቅ እንዳይከፍል አድርጋለች። አነስተኛ ደመወዝ ያለው ምሩቅ እንዲህ ያለ ወለል ያስፈልገዋል።

በሜክሲኮ ዙሪያ ባሉ የግል ኮሌጆች ቀን እየሠራ ማታ የሚማረው ደግሞ ከዚህ ውል ውጭ ነው፤ ከኪሱ ይከፍላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። ከፋዩ በበዛ ቁጥር የመንግሥት ብር ለማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ይከራል።

«ያልተገላበጠ ያራል» እንዲሉ፣ ለሁሉም እኩል የሚሰጥ ድጎማም ካልተገላበጠ የሚያርበት ወገን አለ። የሚያርበትም ውሉን ለመፈረም እንኳ ያልደረሰው ድሃ ነው።